የገጠር መንገድና የተመራጭ አማና

(በመስጊዱ ቅጥር ግቢ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ኮሚቴው ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ሲያዘጋጅ ስለ መስጊዳችን ታሪክና ስለ ነባር ዑለማዎቻችን የሚናገሩ ሌሎች እንዳሉ ገልጾልኝ፣ እኔ ግን ለብዙ ዓመት በወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ስለ ገጠር መንገድና ስለ ተመራጭ ሥራ እንድናገር ጠይቆኛል። «በመስጊድ ግቢ ስለ ኮረኮንችና ስለ ቱቦ ምን ይወራል?» ያሉ ወንድሞች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። አደናቃፊ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ልጆቻችን በመድረሳ ገና በጠዋቱ ይማሩታል። የኸሊፋ ሃሩን አር ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ከኩፋ እስከ መካ በሚዘልቀው የሐጅ መንገድ ላይ ጉድጓድና የውሃ ማጠራቀሚያ በማሠራቷ፣ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎም መንገዱ የዙበይዳ መንገድ ይባላል። ከዚህ በላይ መልስ መስጠት ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

የምናገርላቸው ሰው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ከሚወስደው መንገድ ወደ ላይ ተገንጥለው ከሚገኙት ሦስት መንደሮች፣ በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ለወረዳው ምክር ቤት የተመረጡ ገበሬ ናቸው። ዛሬም በመካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ አጥብቀው ስለለመኑኝ «ተመራጩ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ከዚያ ወገን የመጣችሁ ስትሳሳቁ አያችኋለሁ፤ እናንተማ ታውቋቸዋላችሁ።

በቅድሚያ ተመራጭ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የምክር ቤት አባል ሲባል የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የወረዳ ምክር ቤት አባል በዓመት ጥቂት ጊዜ እየተሰበሰበ በጀት የሚያጸድቅ፣ ዕቅድ የሚመረምር፣ ሪፖርት የሚጠይቅ ሰው ነው። በተረፈ እንደማንኛችንም አርሶ፣ ነግዶ ወይም አስተምሮ ይኖራል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መላክ መጀመሩ እውነት ቢሆንም፣ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። ለመንገድና ለውሃ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ እጁን የሚዘረጋበት ቀበሌ ግን ብዙ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተመራጩ በእጁ የቀረለት መሣሪያ ሦስት ነው፤ መጠየቅ፣ በቃለ ጉባኤ ማስያዝና ያስያዙትን መከታተል። የመጀመሪያውን ሁሉም ያደርገዋል። ሁለተኛውን ጥቂቶች ያደርጉታል። ሦስተኛውን ያደረገ ሰው በሥራ ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

እነዚያ ሦስት መንደሮች ከመንገዱ በፊት እንዴት ይኖሩ እንደነበር ወጣቶች ላታስታውሱ ትችላላችሁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ እናቶች እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶሮውንና ቅቤውን ይዘው ይወርዱ ነበር። ማሽላው በአህያ ይወርዳል፤ በክረምት አህያውም አይወርድም። ሰው ሲታመም፣ በተለይም ምጥ ሲጠና፣ ቅሬው ተጠርቶ በቃሬዛ ይሸከማል፤ አራት ሰው ሲሸከም አራቱ ለተራ ይከተላል። መምህር ተመድቦ ይመጣል፣ ክረምቱን ሲያይ ዝውውር ይጠይቃል።

ተመራጩ በተመረጡ በመጀመሪያው ዓመት ማመልከቻ አላስገቡም። የተማሪ ደብተር ገዝተው ሦስቱንም መንደር በእግራቸው ዞሩ። ቃሬዛ በየወሩ ስንት ጊዜ እንደወረደ፣ ትምህርት ቤቱ በጎርፍ ምክንያት ስንት ቀን እንደተዘጋ፣ የጭነት ከብት የትኛው ገደል ላይ እንደወደቀ፣ የእህል ዋጋ በመንደርና በባቲ ምን ያህል እንደሚለያይ ጻፉ። ለመጻፍ የሚከብዳቸውን ልጃቸው ጻፈላቸው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ሌሎች «ሕዝባችን በመንገድ እጦት ተሠቃይቷል» እያሉ ሲናገሩ፣ እሳቸው ደብተሩን ገልጠው አነበቡ። እኔ የምጽፈው ሰው ነበርሁና አስታውሳለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ንግግር አንድ መስመር ስጽፍ ስለ እሳቸው አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። በቀጣዩ ዓመት የወረዳው ባለሙያ «የትኛው መንደር ነው የከፋው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሊያሳይ የሚችለው ያንን ገጽ ብቻ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በአጭሩ ዩራፕ የሚባለው፣ ተጀመረ። ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። የዕቅዱን ስፋት ለማወቅ ይህን ማስታወስ ይበቃል፤ በ1989 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የነበረው መንገድ 27,000 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር፣ በ2007 ዓ.ም. ግን ከ110,000 ኪሎ ሜትር በላይ መድረሱ ተገልጿል። ከተጨመረው ውስጥ ብዙው እንዲህ ዓይነቱ የቀበሌ ጠጠር መንገድ ነው። ሥራውን የያዙት በአብዛኛው በማኅበር የተደራጁ ወጣት ተመራቂዎች ነበሩ። በትጋት የሠሩ አሉ፤ ልምድ ሳይኖራቸው ግሬደር የያዙም አሉ።

ወደ እኛም መሐንዲሶች መጡና ሁለት መስመር አሳዩ። አንደኛው በሸንተረሩ ጫፍ የሚሄድ፣ አጭርና ርካሽ፣ ቱቦ ብዙ የማያስፈልገው ሲሆን፣ የሚያልፈው በተመራጩ በራሳቸው መንደር ደጃፍ ነው። ሁለተኛው በተራራው ወገብ ዞሮ ጤና ኬላውንና ትምህርት ቤቱን የሚያገኝ፣ ነገር ግን ሦስት ጅረት የሚያቋርጥ ነው። የመንደራቸው ሰዎች ማታ ቤታቸው ተሰብስበው ጫት ቀርቦ ዱዓ ከተደረገ በኋላ «አንተን የመረጥንህ ለዚህ ቀን ነው» አሏቸው። በማግስቱ ለሁለተኛው መስመር ተከራከሩ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፤ በሸንተረሩ ከሄደ ሁለቱ መንደሮች ቃሬዛ ይዘው ሽቅብ ወደ መንገዱ ይወጣሉ፣ በወገቡ ከሄደ ግን አንዱ መንደር ብቻ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈጓቸው ጎረቤቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ የሸንተረሩን ሰዎች አቋም በትክክል መናገር ይገባል። እነሱ ያሉት ለራሳቸው በማድላት ብቻ አልነበረም። «ሦስት ጅረት የሚያቋርጥ መንገድ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል» ብለዋል። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው ፈተና የመሬት ነገር ነው። መስመሩ ሲቀየስ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት የማሽላ ማሳ መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ። በወቅቱ የነበረው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ እንዲከፈል ይል ነበር (አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል)። ሥራውን የሚመራው ኃላፊ ግን «ይህ የሕዝብ ልማት ነው፣ ሕዝቡ በስብሰባ ተስማምቷል» ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ተመራጩ «የእሳቸው አሻራ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። አሻራ አልነበረም። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ያዝሁላቸው። ሥራው ለሳምንታት ቆመ። ያን ጊዜ የተቆጣው የሸንተረሩ ሰው ብቻ አይደለም፤ መንገዱ የሚያልፍባቸው የሁለቱ መንደሮች ሰዎች ሁሉ «ለአንዲት ሴት ብሎ የልጆቻችንን መንገድ ሊያስቀር ነው» ማለት ጀመሩ። መሣሪያው ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራል የሚል ወሬም ነበር። ቢዛወር ኖሮ ዛሬ ስለ ተመራጩ እንዲህ ብዬ የምናገር አይመስለኝም፤ ሰው ውጤትን አይቶ ነው የሚፈርደው።

አበጋሮች ተቀምጠው፣ ኢማሙም ተጨምረው፣ ነገሩ በሁለት ቀን አለቀ። ከወል ግጦሹ ዳር ምትክ መሬት ተሰጣቸው፤ የዚያን ዓመት ሰብላቸው ግምት ተከፈላቸው፤ አዲሱ ማሳ ድንጋያማ ስለነበር ሦስቱም መንደር በደቦ ለቅሞ እርከን ሠራላቸው። ሙሉው የሕጉ ካሣ አልተከፈለም። ይህን የምናገረው ታሪኩን ከሆነው በላይ እንዳላሳምረው ነው። እናታችን በሽምግልናው ላይ የተናገሩት ከብዙ አዋጅ በላይ ነገሩን ገልጾታል፤ «መንገዱን መቼ ጠላሁ? ሳይጠይቁኝ ማለፋቸውን ነው የጠላሁት።»

መንገዱ በ2005 ዓ.ም. ተመረቀ። በሬ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ፣ የመጀመሪያው አይሱዙ ሲወጣ ልጆች እየሮጡ ተከተሉት። ብዙ ጊዜ የልማት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ ግን የተመራጩ ዋና ሥራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ባይ ነኝ።

በ2006 ክረምት የሁለተኛው ጅረት ቱቦ በጭራሮና በድንጋይ ተደፈነ። ውሃው ማለፊያ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ተሻገረና ቆረጠው። የጠጠር መንገድ ጠላቱ መኪና ሳይሆን ውሃ መሆኑን አብዛኞቻችን አናውቅም ነበር። መንገዱ መካከሉ ከፍ ብሎ የሚሠራው ዝናቡ ወደ ግራና ቀኝ ቦይ እንዲወርድ ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል፤ የተኛው ውሃ ገረጋንቲውን ያለሰልሰዋል፤ በዚያ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ የጎማ ጉድጓድ ይሠራል፤ ጉድጓዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ገበሬው ደግሞ ማሳውን ለማስፋት እስከ ቦዩ አፋፍ ያርሳል፣ አፈሩም ተመልሶ ቦዩን ይሞላል። እንዲህ ነው ብዙ ወጪ የወጣበት መንገድ በአንድ ክረምት የሚሄደው።

አራት ወር ያህል መኪና ቀረ። ቃሬዛው ተመልሶ ወጣ። የሸንተረሩ ሰዎች «አላልናችሁም?» አሉ፤ ማለትም ይገባቸዋል። ተመራጩ ወደ ወረዳ ቢሄዱ ግሬደሩ ለብዙ ወረዳ በተራ እንደሚዞር፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ እንደማይታወቅ ተነገራቸው። ለመንገድ ጥገና ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፣ ገንዘቡ ዋናውን አውራ ጎዳና አዳርሶ ወደ ቀበሌ መንገድ እስኪወርድ ድረስ ክረምቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙን አስፈቅደው የተናገሩት። መንገዱን በቅሬዎች ቁጥር ከፋፍለው ለያንዳንዱ ቅሬ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዛፍ ብለው ሰጡ። ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንዱ ከበልግ ዝናብ በፊት በጥር፣ አንዱ ከክረምቱ በፊት በግንቦት መጨረሻ። የቱቦው መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫውም ይጠረጋል። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎቻችን ከቦዩ የዛቁትን ደለል መንገዱ ላይ እየደፉት ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ያው ደለል ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ቁልቁለቱ ዳር ብቻ እንዲደፋ ተስማሙ። ብዙ ዝናብ በጣለበት ማግስት ለከባድ መኪና ሰንሰለት ይዘጋል። በዚህ የተነሳ የአይሱዙ ባለቤቶች ተመራጩን ከሰዋቸው ነበር፤ ኋላ ግን ራሳቸው ለሰንሰለቱ ቁልፍ ገዙ።

ስለ መዋጮ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሌሎች ቦታዎች «የውዴታ» እየተባለ ማዳበሪያ ሲታደል ከድሀው ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ አይቻለሁ። በውዴታ ስም የሚወሰድ ግዴታ ሰውን ከልማት ያስመርራል። ተመራጩ በጽዳቱ ቀን የቀረን ሰው ቅሬው በራሱ ደንብ ይጠይቀው እንጂ ቀበሌው እንዳይቀጣው አጥብቀው ተከራከሩ። አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ረዳት የሌላቸውን እናቶች ከሥራው ነጻ አደረጓቸው። አንዳንዶች ይህን ልስላሴ ነው ብለውታል። እኔ ግን ሥራው እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ የቆየው በዚሁ ይመስለኛል፤ ቅጣት ባለበት ቦታ ሰው ዶማ ይዞ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ሲኖር ብቻ ነው።

ስለ ሌሎቹ አገልግሎቶች አጠር አድርጌ ልናገር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲኖሩ ታቅዶ፣ የኛም ቀበሌ ደርሶታል። ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ ውሃ ከጅረት ይቀዱ ነበር፤ የበሩም ቁልፍ ተሰብሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ሕንፃ ይጠይቅ ነበር። ተመራጩ የጠየቁት ቁልፍ፣ የጣሪያ አሸንዳና የውሃ በርሜል ነው። ይህ በአንድ ወር ተፈጸመ። የእጅ ፓምፑም እንዲሁ ነው፤ ለዓመት ያህል ቆሞ የነበረው ዋጋው ትንሽ በሆነ የላስቲክ ማጠቢያ ምክንያት ነበር። ተመራጩ የውሃ ኮሚቴው ሒሳብ ያዥ ሴት እንድትሆን ሐሳብ አቀረቡ፤ ውሃ የምትቀዳዋ እሷ ስለሆነች ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚያማት እሷን ነው። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫው ቀድሞ ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ጤና ኬላው መድኃኒቱንና ዕቃውን አጣ፤ ተመራጩ በማግስቱ ያደረጉት ያንኑ የድሮውን ማለትም ደብተር ይዞ የጠፋውን ዕቃ አንድ በአንድ መጻፍ ነበር።

እንግዲህ ሰው ናቸውና ጉድለት አላቸው። ሲቆጡ ይቆጣሉ፤ ስብሰባ ላይ የሰውን ቃል ይቆርጣሉ፤ ወጣቶችን በቶሎ አያምኑም። ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር አልተካፈሉም፤ አንድ ቀን ቢታመሙ የትኛው ቱቦ መቼ እንደተጠረገ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ፊት ለፊታቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ የትምህርት ቤቱ መምህርት፣ አብረዋቸው ይጽፋሉ።

የቀረው ጉዳይ የምርጫ ነው። ተመራጩ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመርጠዋል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ግን ተራዘመ፤ የ2013ቱም ምርጫ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አልጨመረም። ስለዚህ ተመራጩ በሕዝብ ድምፅ የተሰጣቸው ጊዜ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዚህ የሚደሰቱ ሰዎች አሉ፤ ሳይጠየቁ መቀመጥ ለሰው ይጥማል። እሳቸው ግን በየሦስት ወሩ ከዋርካው ሥር ቀርበው ደብተሩን ያነባሉ፣ መጨረሻም «ይብቃህ ካላችሁኝ ተናገሩ» ይላሉ። ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ አልወደውም። «በርቱ» ማለትም «ይብቃ» ማለትም መልስ ነው፤ ዝም ብሎ መበተን ግን ተመራጩን ብቻውን ማስቀረት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ፤ በተለይም የሸንተረሩ መንደር ሰዎች፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያገናኛችሁ አጭር መግቢያ የተጠየቀበት ማመልከቻ የት እንደደረሰ ጠይቁ። እኔ እስከማውቀው ሁለት ጊዜ በዕቅድ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ለምን እንደወጣ በቃለ ጉባኤ የተጻፈ ምክንያት የለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ማስታወቂያ አለኝ። የሦስተኛው ጅረት ቱቦ መውጫው በጎርፍ እየተቦረቦረ ስለሆነ ከክረምቱ በፊት ድንጋይ ሊደረደርበት ይገባል። የግንቦቱ ጽዳት የገበያ ቀን እንዳይነካ ቅዳሜ ሆኗል። የየቅሬው ድርሻ ዝርዝር ከመስጊዱ ኮሚቴ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል፤ አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የመስጊዱ ሁለት ድጅኖዎች በመጋዘኑ አሉ። እናታችን ያችን ማሳ የለቀቁት፣ ዛሬም ከማንም ቀድመው ቡና አፍልተው እንደሚጠብቁን ልከውብኛል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።